ሪባን የማይቆረጥለት

ድልድይ ሲያልቅ ሪባን ይቆረጣል። ትምህርት ቤት ሲያልቅ መጋረጃው ተስቦ ሰሌዳው ይገለጣል፤ የመረቀው ባለሥልጣን ስም እብነ በረድ ላይ ይቀረጻል፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ክረምት በመጣ ቁጥር የዚያን ድልድይ የውሃ መውረጃ ከደለል የሚጠርገው ሰው ስም ግን የትም አይጻፍም። ሲጠርግ የሚያየው የለም፤ ሳይጠርግ የቀረ ለታ አገሩ ሁሉ ያየዋል። የሰው ልጅ ሥራ እንዲህ በሁለት የተከፈለ ይመስለኛል፤ ተሠርቶ የሚታይና ሳይሠራ ሲቀር የሚታይ።

የእኔ እንጀራ ከሁለተኛው ወገን ነው። አራሚ ነኝ። ሌሎች የጻፉት መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት በእጄ ያልፋል። የተገደፈ ፊደል እመልሳለሁ፤ የተደገመ ቃል አወጣለሁ፤ በአንደኛው ምዕራፍ ሰባ ዓመት የሞላቸው አያት ወደ መጨረሻው ስድሳ አምስት ሆነው ሲመጡ ለደራሲው ስልክ እደውላለሁ። መጽሐፉ ሲወጣ አንባቢ ስለ ታሪኩ ያወራል፣ ሽፋኑን ያደንቃል ወይም ይነቅፋል። “ግድፈት የለበትም” ብሎ ያመሰገነ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። መግጠምም የለበትም፤ የሌለን ነገር ማን ያያል? አንዲት ፊደል ያመለጠች እንደሆነ ስልኬ ይጮኻል። በዓመቱ መጨረሻ የሚሞላው ቅጽ “የተከናወኑ ተግባራት” የሚል ዓምድ አለው። “ሳይበላሹ የቀሩ ነገሮች” የሚል ዓምድ ቢኖረው ኖሮ ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ብዙ የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

የኑሮ ውጣ ውረድ ሲነሣ ልባችን የሚሮጠው ወደ ትልልቁ ነው፤ ወደ ስደቱ፣ ወደ ሞቱ፣ ከሥራ ወደ መባረሩ፣ ወደ ድንገተኛው ሲሳይ። እነዚህ ሲመጡ ዕድር አለ፣ ለቅሶ ደራሽ አለ፣ እንኳን ደስ ያለህ ባይ አለ። ከቀናችን አብዛኛውን የሚበላው ግን ሌላ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ተነሥቶ በርሜል መሙላት፤ ሮቶው ሞልቶ እንዳይፈስ እንቅልፍ እየጣለ መጠበቅ፤ የአንድ እግር ካልሲ ፍለጋ፤ የታክሲ ሰልፍ፤ ለጾሙ የተቀመጠ ባቄላ ውስጥ የገባ ነቀዝ። ስለ ነቀዝ ለቅሶ የሚደርስ የለም። እንዲህ ያለው ከፍና ዝቅ ደስታም ሐዘንም ለመባል ስለሚያንስ ስም ሳይወጣለት ያልፋል።

እንጀራ ጋገራን ቀርቦ ላየው ይህ ሁሉ አንድ ምጣድ ላይ አለ። ጤፉ ተነፍቶ በእርሾ ይቦካል። ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብትና ከላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ጥቂት ይቀነስና በፈላ ውሃ እየተማሰለ በስሎ፣ አብሲት ሆኖ ይመለስለታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሊጡ ፈንታ ነው። ኩፍ ሳይል ከተጋገረ ዓይን አያወጣም፤ ከዘገየ ይኮመጥጣል። ይህን ሰዓት አይናገረውም፤ ክዳኑን ከፍቶ አረፋውን ማየት፣ ማሽተት ነው ያለው።

በቅርቡ አንድ እሑድ ጠዋት ሊጡ ደርሶ ጠበቀኝ። ምጣዱን ሰካሁ፤ ሲሰማ በማሰሻ አሰስኩት። ማሟሻዋ እንደ ወጉ ተበላሸች፤ ተከታዮቿ ዓይናቸው አምሮ ወጡ። ሌላ አፍስሼ አክንባሎውን ስከድን መብራት ሄደ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚጠጣ ዕቃ ነው፤ እቤት ውስጥ እንደሱ የሚበላ የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ እሑድ ጠዋት ምጣዱን ሲሰካ መሥመሩ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ምጣድ ላይ የቀረችው ከዳር ደርቃ ከመሐል ሊጥ እንደሆነች ተንጋለለች። ልጄ እንጎቻውን እየጠበቀ ነበር። እናቴ ከሳሎን ሆና፣

“እንዳትከፍቺው! በራሱ ሙቀት ትበስላለች” አለችኝ።

አልበሰለችም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ “እትዬ ጋ የእንጨት ምጣድ አለ፤ ሂጂና ለምኛቸው” አለች። እትዬ የምንላቸው ከጓሮ በኩል የሚኖሩት ባልቴት ናቸው። ሊጡን በባልዲ ተሸክሜ ደረስኩ። ከጉልቻው አጠገብ ቁጭ እንዳሉ ቀና ብለው አዩኝና፣ “እኔ ይኼን ምጣድ አልጥልም ስል ስትስቁብኝ አልነበር?” አሉኝ። ከዚያም ጭራሮ ሊያመጡ ተነሡ። ያን ቀን የወጣው እንጀራ ጭስ ጭስ ይላል፤ ልጄ ከወትሮው ይጣፍጣል ብሎ ክርክር ገጠመ።

መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥን ይጠብቃል። ኮምፒውተር ይጠብቃል፤ የጀመርኩትን እርማት ነገ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ሊጥ አይጠብቅም። ሕፃን አይጠብቅም፤ ትኩሳት አይጠብቅም፤ በፀሐይ የጠወለገ ችግኝ አይጠብቅም። በሌላ በኩል የሚያስጠብቁ ነገሮች አሉ፤ ሰልፍ፣ ፈረቃ፣ ቀጠሮ፣ “ነገ ተመለሺ”። የቤት ሥራ ድካም ከሥራው ብዛት ይልቅ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። በማይጠብቁትና በሚያስጠብቁት መካከል አንዲት ሰው ትቆማለች፤ ሁለቱንም ወገን የምታስታርቀው ከእንቅልፏ እየቀነሰች ነው።

ፈላስፎች ይህን ሥራ ብዙም አይወዱትም። ሲሞን ደ ቦቯር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመችው ሁለተኛው ፆታ በተሰኘው መጽሐፏ የቤት ሥራን ከሲሲፈስ ቅጣት ጋር ታስተያየዋለች። ሲሲፈስ በግሪኮች ተረት ድንጋይ ወደ ተራራ አናት እንዲገፋ የተፈረደበት ንጉሥ ነው፤ አናቱ ጋ ሲደርስ ድንጋዩ ተንከባልሎ ይወርዳል፣ እሱም እንደገና ይጀምራል። የጠራው ይቆሽሻል፣ የቆሸሸው ይጠራል፤ የቤት እመቤቷ አዲስ ነገር ሳትፈጥር ያለውን ብቻ እያስቀጠለች ዕድሜዋ ያልቃል ትላለች ቦቯር። ሐና አረንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 የሰውን ድርጊት ስትከፋፍል፣ ሰውነት በሕይወት እንዲቆይ ብቻ የሚደረገውን ልፋት ከታች አኖረችው፤ ፍሬው ወዲያው ይበላል፣ ከኋላው የሚቀር ነገር የለውም። ጠረጴዛ የሠራ አናጢ ከእሱ በኋላ የሚኖር ነገር ለዓለም ጨምሯል፤ ጠረጴዛውን በየቀኑ የምትወለውለው ግን ምን ጨመረች? አንድ ቦታ ላይ አረንት ልክ ናት። ሄራክለስ የንጉሡን በረት አንድ ቀን ጠርጎ ጀግና ተባለ፤ በረቱን በማግስቱ መጥረግ ቢኖርበት ኖሮ ተረቱ አይነገርም ነበር። የትናንትን ቆሻሻ ዛሬ ማንሣት ጀግንነት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ የሚያሠቃየውም አደጋው ሳይሆን ድግግሞሹ ነው።

ሆኖም ሁለቱም እርሾ አያውቁም። ከእያንዳንዱ ቡኮ ጥቂት ይተርፋል፤ ለሚቀጥለው ያው ይበቃል። እርሾ አይከማችም፤ ቢከማች ጥቅም የለውም። አያልቅምም፤ ካለቀ የሚቀጥለው የለም። በሥራ ላይ ካልዋለ ይበላሻል። ጠረጴዛ ሳይነካ ሲቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል፤ እርሾ ዕድሜ የሚያገኘው ከተነካ ብቻ ነው። አረንት ከከፈለችው ክፍፍል ውስጥ የትኛው ዘንድ ላስቀምጠው? ተበልቶ የሚጠፋ እንዳልለው ከእናቴ ቤት እስከ እኔ ቤት ደርሷል። ጸንቶ የሚኖር እንዳልለው ትናንት የነበረው ዛሬ የለም። ደግሞም የዘር ሐረጉን አጥርቼ አላውቀውም፤ እናቴ ለረጅም ጊዜ ታማ በተኛችበት ዓመት እርሾው ሞቶብን ከጎረቤት ነው የተመለሰው። ያችም ጎረቤት በጊዜዋ ከእኛ ወስዳ ነበር።

አልበር ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 የሲሲፈስን ታሪክ አንሥቶ ሰውየው ደስተኛ እንደሆነ አድርገን እናስበው ብሎ ደመደመ። ወንዶች ስለ ድንጋይ ሲጽፉ እንዲህ ይቀናቸዋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው፤ ሲሲፈስ ጎረቤት የለውም። ድንጋዩን ማንም አይበላውም፣ ማንም አይበደረውም፣ ሲደክመው “እስቲ አንተ ቁጭ በል” ብሎ የሚቀበለው የለም። ቅጣቱ መደጋገሙ ላይ ነው ብለን ለምደናል። አይመስለኝም። ፀሐይ በየቀኑ ትወጣለች፣ ካህናቱ ኪዳን በየጠዋቱ ያደርሳሉ፣ ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል፤ እነዚህን ቅጣት የሚላቸው የለም። ቅጣት የሚያደርገው ተራ አለመኖሩ ነው። ያው ድንጋይ፣ ያው ሰው።

ጓሮዬ ይህን በሌላ መንገድ ያሳየኛል። ሰፊ አይደለም፤ ሁለት አልጋ ቢዘረጋበት ይሞላል። ጎመን አለ፣ ጤና አዳምና በሶብላ አለ፣ ግድግዳው ሥር አንድ ጌሾ ቆሟል። ጎመኑ የሚጠጣው የአትክልትና የእህል እጣቢ ነው፤ ለእሱ የሚተርፍ የቧንቧ ውሃ የለም። ክረምት ሲበረታ ሥሩ ይበሰብሳል፤ በበጋ ክሽክሽ ይወርረዋል፤ ጤዛው ሳይደርቅ አመድ ስነሰንስበት ለሳምንት ይታገሣል፣ ከዚያ ክሽክሹ ይመለሳል። ድል የሚባል ነገር የለም። ጎመን ደግሞ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ከታች ከታች እየተቀነጠሰ የሚበላው ይሰነብታል፣ እንዳማረ ይቆይ ተብሎ የተተወው ቶሎ አብቦ ዘር ይይዝና ቅጠሉ ለድስት አይሆንም። ባለቤቴ ከዓመት በፊት ግቢውን ሲሚንቶ እናልብሰው የሚል ሐሳብ አምጥቶ ነበር። አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር ይወዳል። እኔ እምቢ ያልኩት በጎመን ፍቅር አይደለም፤ ሲሚንቶውም ይሰነጠቃል፣ ያን ጊዜ የሚያየው ማን ነው ብዬ ነው።

በዚህ ረገድ ከኮንሶ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም። የኮንሶ እርከኖች ያለ ሲሚንቶ የተካቡ የድንጋይ ግንቦች ናቸው፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ እስከ 5 ሜትር ይደርሳሉ። አፈሩን ከመሸርሸር፣ ጥቂቱን ዝናብ ወደ ቆላ ከመንጎድ ይይዙታል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የተቆጠረለት ዕድሜ 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲጠራ ሰው የሚያስበው ቀድሞ የገነቡትን ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ማጣበቂያ የተቀመጠ ግንብ ግን በየክረምቱ ይናዳል። አንዱ ዘንድ ሆዱ ይነፋል፣ ሌላው ዘንድ ማዕዘኑ ይወርዳል፤ ገበሬው ወርዶ ድንጋዩን ያነሣል፣ መልሶ ይክባል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ እንደሆነ መንደሩ በጋራ ይወጣል። ዛሬ የቆመው ግንብ ያኔ የተካበው ነው ለማለት ያስቸግራል። 400 ዓመት ሙሉ ሲቋረጥ የማያውቀው መካቡ ነው። ከ21ዱ ትውልድ አንዱ “የአባቶቻችን ሥራ ይበቃናል” ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ለጎብኚ የሚታይ ነገር አይተርፍም ነበር። ትኩረት የሚሻው ደግሞ ያ “በጋራ ይወጣል” ያልኩት ነው፤ ድንጋዩ ያው ቢሆንም ሰዉ ይለዋወጣል።

አገራችን በተራ የታወቀች ናት። ዕቁብ በተራ ነው፤ ወንፈል በተራ ነው፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ ነገ የሌላው ይታረማል። የጽዋ ማኅበር ተራ አለው። ነገር ግን የቤቱን ደፍ ሲያልፍ ተራው የት ይገባል? የጽዋው ተራ የደረሰው አባወራው ነው፤ “ዘንድሮ እሱ ነው ያወጣው” ይባላል፣ ይመረቃል። ጋኑን በግራዋ ያጠበችው፣ በወይራ ያጠነችው፣ ብቅሉን ያበቀለችው፣ አሻሮውን ስትቆላ ዓይኗ የተቃጠለው፣ ጌሾውን የወቀጠችው ባለፈው ዓመትም እሷ ነች፤ ለከርሞም እሷ ነች። ተራው በአባወራዎች መካከል ይዞራል፤ ሥራው አይዞርም።

በዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ውስጥ ይህ ጉዳይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። መጽሐፉን በእርግጥ ማን ጻፈው የሚለው ሙግት ኢጣሊያዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ጥርጣሬውን በጽሑፍ ካወጣ ወዲህ አላባራም፤ ለእኔ ጉዳይ ግን ጸሐፊው ማንም ቢሆን ነገሩ አይለወጥም። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ፈላስፋው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ተከዜ አካባቢ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ብቻውን ያስባል። ሲወጣ እንፍራዝ ይደርስና ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ዳዊት እየጻፈ፣ ልጆች እያስተማረ ይቀመጣል። በዚያ ቤት ሂሩት የምትባል ገረድ አለች። ሚስት ትሁነኝ ብሎ ሲጠይቅ ሀብቱ ከእንግዲህ ገረድህ ናት ይለዋል፤ ፈላስፋው ገረድ አልፈልግም፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ሲል ይመልሳል። ለ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬም በየቤቱ ቢነበብ ብዙ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ ግን በዚያ ገጽ ላይ እንደ አራሚ እቆማለሁ፤ ጎደለ የምለው አለ። ከሠርጉ በማግስቱ ውሃውን ማን ቀዳ? እህሉን ማን ፈጨ? እኩልነቱ በሕግ ነው፣ በፍቅር ነው፣ በወፍጮውም ላይ ነው? ሐተታው ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። ስለ ሥራና ስለ ቤት አያያዝ ዘርዘር አድርጎ የሚመክረው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ነው።

እንፍራዝን የማያውቀው እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 አንድ ነገር ታዝቦ ነበር፤ ሰው የቤት ሠራተኛውን ያገባ እንደሆነ የአገሪቱ ገቢ በስሌት ይቀንሳል። ሥራው ያው ነው፣ እጁ ያው ነው፤ ደመወዙ ሲቆም ግን ከመዝገብ ይሰረዛል። ሂሩት ማለት ናት። ዛሬም የአገር ገቢ ሲሰላ ቤተሰቧ የሚበላውን የጋገረች እናት አትቆጠርም፤ ያንኑ እንጀራ ለሱቅ ብታስረክብ ትቆጠራለች። ደመወዝ ያላትም ብትሆን ብዙ አልራቀችም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውልን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል፤ የቤት ሠራተኛ የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲታይ ተብሎ ተተወ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ተራ አሰጣጥ ባሕር የሚሻገር ነው። የአክስቴ ልጅ ቤሩት ውስጥ የአንዲት አሮጊት መድኃኒት ሰዓት ትጠብቃለች፤ የእሷን እናት መድኃኒት እዚህ የምትጠብቀው ከገጠር የመጣች ልጅ ናት፤ የዚያችን ልጅ እናት ማን እንደሚጠብቅ አላወቅሁም። ሰንሰለቱ እየወረደ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ደመወዙ ይቀንሳል፣ ሥራው አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያወረዱ ሄዱ። እነዚያ ሴቶች ለዓመታት ሲጠርጉ ፎቶግራፍ ያነሣቸው አልነበረም። ዓለም ያያቸው አስፋልት ላይ ሲቀመጡ ነው።

ስለዚህ የትንንሹን ነገር ውበት ሲያወድሱ ስሰማ ጆሮዬን አቆማለሁ። በመጽሔት ላይ ስለ ጀበና ጭስ፣ ስለ እናት እጅ፣ ስለ እጣን ሽታ የሚጻፈው ደስ ይላል፤ እኔም ብዙውን አርሜያለሁ። ግን ጸሐፊው ስኒውን አጥቦ ያውቃል ወይ እላለሁ። ምስጋና ርካሽ ነው። “የእናት ውለታ አይከፈልም” ብሎ ግጥም ከመጻፍ ይልቅ ሐሙስ ማታ ድስቱን መፈተግ ይከብዳል፤ ግጥሙ አንዴ ተጽፎ ያልቃል፣ ድስቱ ዓርብም አለ።

ይህን ሁሉ ስል ከጎመንና ከሊጥ ጋር የማይገጥም አንድ ነገር አለ። እናቴ። ጎመኑ ዘንድሮ ቢከሽፍ ለከርሞ ዘር አለ፤ እርሾው ቢሞት ጎረቤት አለ። እናቴን የምንከባከበው እንደማናሸንፍ እያወቅን ነው። የጉልበቷ ሕመም ካምናው ዘንድሮ ብሷል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲቀይር ለአንድ ወር ደህና ትሆናለች፣ ጓሮ ወጥታ ጤና አዳሙን ትኮተኩታለች፤ ከዚያ ሌላ ነገር ይመጣል። በኮንሶ የወረደው ድንጋይ ተመልሶ ቦታው ይገባል፤ እዚህ የወረደው አይመለስም። በዚህ ጊዜ “ማስቀጠል” የምለው ነገር ትርጉሙ ይጠፋብኛል። ምን እያስቀጠልኩ ነው? አንድ ቀን ስለዚህ ትክ ብዬ ሳስብ እግሯን በሞቀ ውሃ እያጠብኩ ነበር፤ ዝም ማለቴን አይታ፣

“ምነው? ውሃው ሞቀብሽ?” አለችኝ።

“አይ እማዬ። ነገም ያው ያመሻል ብዬ ነው።”

“እና ነገ ነዋ የምታጥቢኝ” አለች። ከዚያ ስለ በርበሬው ዋጋ ማውራት ጀመረች።

መልሷን ካሙ ዘንድ አላገኘሁትም። ለእሷ የዛሬው መታጠብ የነገው ሕመም ላይ የሚቆጠር ዕዳ አይደለም። ዛሬ እግሯ ሞቋል፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። እኔ በዓመት ሪፖርት ዓይን እያየሁ ውጤት እፈልጋለሁ፤ እሷ ውጤት የሚባለውን ነገር ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ውስጥ ታስገባዋለች። ይህ ከትዕግሥት የተለየ ነገር ይመስለኛል። ታጋሽ ሰው የሚጠብቀው ነገር አለው።

እንዲህ ያለችው እናቴ ግን በአንድ ነገር አትታገሥም። ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ከጭሱ እንጀራ ወዲህ መጋገር ልሞክር እያለ ነዘነዘ። በመጨረሻ የረቡዕ ማታው ጋገራ ለእሱ ተሰጠ፤ እቃ አጠባው ደግሞ ለአባቱ። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ራሷን ያዘች።

“ወንድ ልጅ ምጣድ ሥር? ሰው ምን ይለናል?”

“ምን ይላል? ጋገረ ይላል” አልኳት።

“ሙያ የምታስተምሪው ሴት ልጅ ስላጣሽ ነው።”

“ሴት ልጅ ብትኖረኝም ተራ ይሆን ነበር።”

አልተቀበለችኝም። እስካሁንም አልተስማማንም፤ እትዬ እንኳን በዚህ ከእሷ ወገን ናቸው። ባለቤቴ ስኒ በሰበረ ቁጥር ሁለቱ ይተያያሉ። ልጁ የሚያወጣው እንጀራ ዳር ዳሩ ወፍራም ነው፣ አንዳንዱም ዓይን የለውም፤ አብሲቱን ቸኩሎ ይጥለዋል። እናቴ ረቡዕ ማታ ወንበሯን ወደ ማድቤቱ በር ታስጠጋና ልታማርር ትቀመጣለች። “ከዳር ጀምረህ ወደ መሐል አዙር፤ አትቁም፣ ስትቆም ነው የሚወፍረው። ማሰሻውን አንሣ። አሁን ክደን።” ይከድናል። “ለነገሩ ወንድ ይኼን ምን ብሎ ይችለዋል” ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ “እርሾውን አስቀርተሃል ወይስ ሁሉንም ልትጋግረው ነው?” ብላ ትጠይቀዋለች።